22 ዓመት ያገለገሉ መጋቢ «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ብለው ለጠየቁኝ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በአንድ ማኅበረ ምእመናን 22 ዓመት በመጋቢነት አገልግለዋል። በቅርቡ ራሳቸው ያሳደጓቸው ሁለት ወጣት አገልጋዮች የተወሰነ ሕዝብ ይዘው ወጥተዋል። የበኩር ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካቆመ ሰንብቷል። «እሑድ ስሰብክ የገዛ ድምፄ የሌላ ሰው ሆኖ ይሰማኛል። ስልኬ ሲጮኽ ሆዴ ይረበሻል። አሁን ደስ የሚለኝ ከቤት መውጣት የማይችሉ አንዲት አረጋዊት ዘንድ ሄጄ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብላቸው ብቻ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጥሪዬ አብቅቶ ነው ወይስ ደክሞኝ? ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼስ ምን አተረፍሁ?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ ደብዳቤው ለጊዜው መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። ይህን የምለው መልቀቅ ኃጢአት ስለሆነ አይደለም፤ ለመልቀቅም ጊዜ አለው፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አገልጋዮችን በማማከር በቆየሁባቸው ዓመታት ግን የዛለ ሰው የወሰነውን ውሳኔ ዐርፎ ሲነሣ ሲጸጸትበት ደጋግሜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ልቡ ይመለሳል፣ በሩ ግን ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

1ኛ ነገሥት 19ን ሰብከውበት እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። አሁን እንደ ሰባኪ ሳይሆን እንደ ደከመ ሰው ያንብቡት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ላይ እሳት ሲወርድ ያየ ነቢይ ነው። ከኤልዛቤል የተላከች አንዲት መልእክት ግን እስከ ቤርሳቤህ አሸሸችው። በዚያ ብላቴናውን ተወና ብቻውን አንድ ቀን የሚያህል መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። ብላቴናውን የተወባትን ያችን ዐረፍተ ነገር ብዙዎቻችን እናልፋታለን። የደከመ አገልጋይ መጀመሪያ የሚተወው አጠገቡ ያለውን ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ። መልአኩ አልገሠጸውም፣ ትምህርትም አልሰጠውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛ ጊዜ ዳሰሰውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። «እኔም ብቻዬን ቀርቻለሁ» ላለው ምሬቱም መልስ የተሰጠው እዚያው ነው፤ ለበአል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፣ በእርሱም ፋንታ ነቢይ የሚሆነውን ኤልሳዕን እንዲቀባ ታዘዘ። መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ ከዚያ ሰው። እርስዎ አሁን ያሉት ገና የመጀመሪያው ላይ ሆነው ሳለ የኮሬቡን ጥያቄ ራስዎን እየጠየቁ ነው።

የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ይህንን ድካም በሚገባ አጥንተውታል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በ1974 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰውን በመርዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ውስጣቸው ተቃጥሎ ማለቁን ጻፈ። ክርስቲና ማስላክ ደግሞ የዚህን መዛል ሦስት መልኮች ለየች፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከምናገለግለው ሰው በልብ መራቅ፣ ሥራችን ፋይዳ የለውም የሚል ስሜት። የጻፉልኝን በእነዚህ ሦስቱ ሳየው ሦስቱም አሉበት። የስልኩ ጩኸት የሚያመጣብዎ መረበሽ የመጀመሪያው ነው። ድምፅዎ የሌላ ሰው ሆኖ መሰማቱ ሁለተኛው፣ «ምን አተረፍሁ» ማለትዎ ሦስተኛው። ይህ ሁሉ ጥሪ ማብቃቱን አያሳይም። የሚያሳየው ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ለረጅም ጊዜ ያለ እረፍት መሸከምዎን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ፣ በምንም ነገር ደስ አለመሰኘቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ይልቁንም እንደ ኤልያስ ሞትን መመኘት ከመጣ፣ ዛሬውኑ ለባለቤትዎ ይንገሩና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እንግሊዛዊው ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጀን በለንደን በ1856 በሰበከበት አዳራሽ ውስጥ «እሳት!» የሚል የሐሰት ጩኸት ተነሥቶ በግርግሩ 7 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ የመንፈስ ጭንቀት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እየተመላለሰ ያዘው፤ እርሱም አልደበቀውም፣ ለሚያሠለጥናቸው አገልጋዮች በግልጽ ነገራቸው። የእምነት ጉድለት አድርገው የሚቆጥሩት ሰዎች ካሉ አይስሟቸው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ጥሪ ነው ወይስ ድካም? እኔ ይህን ለመለየት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ባለፈው ወር ከሠሩት ሥራ ሁሉ ሰዓት የረሱበት የትኛው ነው? እርስዎ ሳልጠይቅዎ መልሰውታል። አረጋዊቷ እናት ዘንድ ሲሄዱ ደስ ይልዎታል። እዚያ አዳራሽ የለም፣ ቁጥር የለም፣ ጭብጨባ የለም። አንዲት ነፍስና ቃሉ ብቻ አሉ። ጥሪው የሞተበት ሰው እዚያም አይሄድም፤ ቢሄድም ሰዓቱን እያየ ነው። የእርስዎ ጥሪ በሕይወት አለ፣ ግን ብዙ ነገር ተከምሮበታል። ስብሰባ፣ የሕንፃ ወጪ፣ የተጣሉ ቤተሰቦች፣ የመዘምራን ቅሬታ፣ መቀበል ያለበት ሪፖርት። ከእነዚህ ስንቱ የመጋቢ ሥራ ነው? ስንቱስ ሌላ የሚሠራው ሰው ስለ ጠፋ ብቻ እጅዎ ላይ የቀረ?

ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶት «አንተ ብቻህን ታደርገው ዘንድ አትችልም» አለው። ልብ ብለው ካዩት ዮቶር የተጨነቀው ለሙሴ ብቻ አይደለም፣ ተራ ሲጠብቅ ለሚውለው ሕዝብም ነው። አንድ ሰው ሁሉን ሲይዝ እርሱም ይዝላል፣ ሕዝቡም ይዝላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እንግዲህ የትኞቹ ሎሚዎች የሌላ ሰው እንደሆኑ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ለሽማግሌዎች የሚያቀርቡት ያ ወረቀት ከመልቀቂያው ደብዳቤ በፊት መሆን አለበት።

ከሥራው ብዛት ይልቅ የሚያደክመው ግን ሌላ ነው። ሰው ከውጭ ሲያየው አይገባውም። ቅዳሜ ጠዋት ልጇን የቀበረች እናት አጠገብ ተቀምጠው ይዋላሉ። እንባዋ ትከሻዎ ላይ ገና አልደረቀም፣ ከሰዓት ሠርግ አለ። መኪና ውስጥ ፊትዎን ጠርገው፣ ከረቫትዎን አስተካክለው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ፈገግ ይላሉ። ሙሽሮቹ ደስታቸው እውነተኛ ነው፣ ፈገግታዎም ውሸት አይደለም። ነገር ግን የጠዋቱ ሐዘን የት ሄደ? የትም አልሄደም። ማታ የሚደውልልዎ ደግሞ ትዳሩ ሊፈርስ የደረሰ ሰው ነው፤ ነገሩን ለማንም እንዳይነግሩ አደራ ብሎዎታል። እሑድ ጠዋት ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲዘምሩ ያዩአቸዋል። ይህን «ሆድ ይፍጀው» እያሉ 22 ዓመት ከቆዩ ሆድም አቅም አለው፣ ይሞላል።

ስለዚህ አንድ ሰው ያስፈልግዎታል። ከማኅበረ ምእመናኑ ውጭ የሆነ፣ ደመወዝዎን የማይወስን፣ ስብከትዎን የማይገመግም፣ ምሥጢር የሚጠብቅ። ዕድሜው የገፋ አገልጋይ ቢሆን እመርጣለሁ። በወር አንድ ጊዜ ይገናኙ። የሰዎችን ስም ሳይጠቅሱ ልብዎ ላይ ያለውን ያራግፉ። ባለቤትዎ ይህንን ሁሉ እንዲሸከሙ አያድርጉ፤ እርሳቸውም በዚያው ጉባኤ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዚያው ሰው የሚቆስሉ ናቸው። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ትተው ይህን አንዱን ብቻ ቢያደርጉ እንኳ ብዙ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ወጡት ሁለት ወጣቶች። ቁስሉ ጥልቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ጠላት ሳይሆን ልጅ ነው የወጋዎት። የጳውሎስን የመጨረሻ መልእክት፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4ን ይክፈቱ። «ሩጫውን ጨርሼአለሁ» ያለው ሐዋርያ ወዲያው «ዴማስ ትቶኛል» ይላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ በመጀመሪያው ሙግቱ አንድ ስንኳ እንዳልደረሰለት ይጽፋል። ቅሬታውን አላፈነም፤ በስም ጠቅሶ ጻፈው። በእነዚህ መካከል ግን ሌላ ስም አለ፦ ማርቆስን ይዘህ አምጣው፣ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል ይላል። ይህ ማርቆስ ቀድሞ ከጵንፍልያ ጥሏቸው የተመለሰው ነው። በእርሱ ምክንያት ጳውሎስና በርናባስ እስኪለያዩ ድረስ ተከራክረዋል። ዓመታት አለፉ፣ እነሆ የማይረባው ሰው የሚጠቅም ሆነ። ዴማስና ማርቆስ በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ጳውሎስ በጽናት ባይቆይ ኖሮ የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይሞት ነበር።

ከእርስዎ ወጣቶች ማን ዴማስ፣ ማን ማርቆስ እንደሚሆን ዛሬ አይታወቅም። እኔ የምመክርዎ በመድረክ ላይ ስለ እነርሱ በቀጥታም ሆነ በምሳሌ እንዳያነሡ ነው። በመድረክ የተነገረ ቃል አይመለስም። የመመለሻውን መንገድ ክፍት አድርገው ይተዉት፤ ከተመለሱ ይገቡበታል፣ ካልተመለሱም እርስዎ በሰላም ይኖራሉ።

አሁን «ምን አተረፍሁ?» ወደሚለው ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው እርሱ ነው።

ቻርልስ ሲሚዮን በ1782 በእንግሊዝ ካምብሪጅ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሲሾም ምእመናኑ አልፈለጉትም፤ ሌላ ሰው ነበር የሚመርጡት። በዚያ ዘመን መቀመጫዎቹ በር የነበራቸው ነበሩና የየመቀመጫቸውን በር ቆልፈው ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ሊሰማው የመጣ ሰው በመተላለፊያው ቆሞ ይሰማ ነበር። በገንዘቡ አግዳሚ ወንበር አስገባ፤ አውጥተው ጣሉበት። ተቃውሞው ከ10 ዓመት በላይ ቆየ። እርሱ ግን እስከ ሞተበት እስከ 1836፣ 54 ዓመት በዚያው አገለገለ። ሲቀበር ያው ሕዝብና ያቺው ከተማ አለቀሱለት። በአምስተኛው ዓመት «ምን አተረፍህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ የሚያሳየው የተቆለፈ ወንበር ብቻ ነበር።

የረጅም አገልግሎት ዋጋ በቆይታ ብቻ የሚገኝ ነው፤ በችሎታ አይገዛም፣ በሥልጠናም አይመጣም። ሌሊት ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ወደ እርስዎ የሚደውለው አንደበተ ርቱዕ ስለሆኑ አይደለም፤ አባታቸውን የቀበሩ እርስዎ ስለሆኑ ነው። በስብሰባ ላይ ሁሌ የሚቆጣውን ሰውዬ ሌላው ሰው ነገረኛ ይለዋል፣ እርስዎ ግን ያ ቁጣ ከየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ሐዘን እንደጀመረ ያውቃሉ። በሕፃንነቷ የጸለዩላት ልጅ አድጋ «እርስዎ ካልሆኑ አልጋባም» ትላለች። ገና በወጣትነትዎ የሰበኩትን ክፍል ዛሬ ሲያነቡት፣ ያኔ ያላዩትን ሕመም ያዩበታል፤ ሕዝቡም ይህ ሰው የሚናገረውን ኖሮታል ብሎ ይሰማዎታል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋችንና ደስታችን፣ የትምክህታችንም አክሊል እናንተ ናችሁ ይላል። ትርፉ ሰው ነው። ሰው ደግሞ በሪፖርት ላይ አይታይም። የወጡትን መቁጠር ቀላል ነው፣ ባንድ ቀን ይወጣሉ። የቀሩትን ማን ይቆጥራል? የዐሥር ሰዎችን ስም ይጻፉ፤ በእነዚህ 22 ዓመታት ውስጥ ካለ እርስዎ መገኘት ዛሬ የሆኑትን የማይሆኑ። ሳይቸኩሉ፣ በጸሎት ይጻፉ።

ይህን ስል ግን ቆይታ በራሱ ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም። መውጣትን ስለሚፈራ ብቻ የሚቆይ አገልጋይ አለ። ቤቱም፣ ገቢውም፣ ክብሩም፣ ወዳጆቹም ከአንድ ቦታ ስለሆኑ ሌላ ሕይወት ያለ አይመስለውም። ሌላው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ የእርሱ እስክትመስል ድረስ ይቆያል፤ ያለ እርሱ አንዲት ውሳኔ አትወሰንም፣ በወጣት ጥያቄ ይቆጣል፣ ተተኪ ብሎ የሚያስጠጋው እርሱን የማይበልጥ ሰው ብቻ ነው። የረጅም አገልግሎት ትልቁ ፈተና ድካም ሳይሆን ይህ ነው ብዬ እፈራለሁ፤ ድካም ያሳምማልና ሰው ይጠይቃል፣ ይህኛው ግን አያሳምምም። ዘኍልቍ 8 ላይ ሌዋውያን ከ25 ዓመታቸው ጀምረው እንዲያገለግሉ፣ በ50 ዓመታቸው ግን ከአገልግሎቱ ሥራ እንዲመለሱ ታዝዟል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤታቸው አልተላኩም፤ በመገናኛው ድንኳን ወንድሞቻቸውን ይረዳሉ፣ ነገር ግን ዋናውን ሥራ አይሠሩም። ሸክሙን ማስረከብና ቤቱን መልቀቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በሕግ ተጽፏል። በእርስዎም ፊት ያለው መንገድ ሁለት ብቻ አይደለም። ሦስተኛ አለ።

ስለ ልጅዎ። ወንድሜ፣ ይህን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። በአገልግሎት ታሪክ ውስጥ ቤተሰብ የከፈለውን ብዙ ጊዜ አንናገረውም። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ በ1793 ወደ ሕንድ ሄደና ሳይመለስ በ1834 እዚያው ሞተ። በብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስን ተረጎመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሕንዳዊ ሲያጠምቅ ሰባተኛ ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ዶሮቲ ግን መጀመሪያውኑ መሄድ አልፈለገችም። በደረሱ በማግሥቱ ዓመት ልጃቸው ጴጥሮስ ሞተ፣ አእምሮዋ ታወከ፣ በ1807 እስክትሞት አልዳነችም። ኬሪን የምንወድ ሰዎች ይህንንም አብረን ማንበብ ይገባናል። ሳሙኤልም እንደዚሁ ነው፤ በሽምግልናው በሕዝቡ ፊት ቆሞ «የማንን በሬ ወሰድሁ?» ሲል የሚከስሰው አልተገኘም፣ ልጆቹ ግን በመንገዱ አልሄዱም። መጽሐፉ ጥፋቱን በሳሙኤል ላይ አላደረገም፣ ንጹሕ ነውም አላለም። ዝም ብሏል። እኔም ከዚያ አልፌ ልጅዎ ለምን እንደራቀ አልናገርም፤ ያደገ ልጅ የራሱ ልብ አለው።

ነገር ግን የመጋቢ ልጆች ሲያወሩ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ። እራት ላይ ስልክ ይጮኻል፣ አባት ይነሣል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ልጁ ያኔ የሚማረው አባቱ ለሁሉም ሰው እንደሚደርስ፣ ለእርሱ ግን ተራ እንዳለው ነው። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ስለ ቤተ ክርስቲያን አይጠይቁት። ጥቅስም አይላኩለት። ስልክዎን ቤት ትተው የሚወደው ቦታ አብረው ይሂዱ፤ የሚሠራውን ሥራ ይጠይቁት፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይስሙ። ምናልባት አንድ ቀን በእርስዎ ላይ ያለውን ቅሬታ ያወጣው ይሆናል። ያን ጊዜ አይከላከሉ። «ልክ ነህ፣ ጎድተንሃል» ማለት ካለብዎ ይበሉት። ወደ እምነት መመለሱን ለእግዚአብሔር ይተዉ፤ ወደ እርስዎ መመለሱ ግን በእጅዎ ያለ ሥራ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ሽማግሌዎችን ሰብስበው ያለውን በግልጽ ይንገሩ። «ደክሞኛል» የሚለው ቃል አያሳፍርም፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ «ኑና ጥቂት ዕረፉ» ብሏቸዋል። የሚጠይቁት እረፍት በወራት የሚቆጠር ይሁን፤ አንድ ሳምንት ስልክ ይዞ መሄድ እረፍት አይባልም። ማን ይሰብካል፣ ማን ሕሙማንን ይጎበኛል፣ ሰው ሲሞት ለማን ይደወላል የሚለው አስቀድሞ በጽሑፍ ይለይ። ካልተለየ በሦስተኛው ቀን ይጠራሉ፣ እርስዎም ይሄዳሉ፤ ራስዎን ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ «አንችልም» ቢሉ ያም መልስ ነው፤ እንዲህ የሚል ቤተ ክርስቲያን መጋቢውን እንዴት እንደሚያየው ያሳያል፣ ለውሳኔዎም ይጠቅምዎታል። አረጋዊቷን እናት ግን በእረፍቱም ጊዜ ቢጎበኙ አልከለክልዎትም።

ዐርፈው ሲመለሱ፣ ከባለቤትዎና በየወሩ ልብዎን ከሚያራግፉለት ሰው ጋር ተቀምጠው ጥያቄውን እንደገና ያንሡት። ፍላጎቱ ከተመለሰ፣ ሸክሙ በተከፋፈለበት መልክ ይቀጥሉ። ካልተመለሰ ወይም ሌላ ሰው ቢረከብ ሕዝቡ የበለጠ እንደሚጠቀም በሰላም ካዩት ይልቀቁ፤ ያኔ መልቀቅዎ ሽሽት አይሆንም። መሳቢያው ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ግን አይጠቀሙበት። አዲስ ይጻፉ፣ ከማንም በፊት ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው፣ ቀኑንም ተተኪው ሥራውን ከእርስዎ ጋር ለመልመድ ጊዜ እንዲያገኝ አርቀው ያስቀምጡት።